ጋምቦውን አስቀድሙ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ኒው ኦርሊንስ የሆቴል ገበታ

ባለፈው እትም ስለ ኒው ኦርሊንስ ሆቴሎች ትንሽ ጽፌ ነበር። የክሪኦል ምግብ ስለሚያቀርቡት፣ ባራቸውም የወጥ ቤታቸውን ያህል ስም ስላለው ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ዛሬ የመረጥኳቸውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«አሥረኛ የጋብቻ በዓላችንን ኒው ኦርሊንስ ልናከብር ነው። የምንኖረው ሂውስተን ስለሆነ በመኪና ነው የምንሄደው። አንድ ምሽት ጥሩ ሆቴል ውስጥ እራት ልንበላ አስበናል። ሜኑውን አየሁትና ግማሹ አልገባኝም። ክሪኦል ምን ማለት ነው? ኬጀን ከሚባለው ጋር አንድ ነው? ምንስ ብናዝ ይሻላል?» (የአሥር ዓመት ሙሽራ)

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ እህቴ። መንገዱ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ እራቱን በደረሳችሁበት ምሽት አታድርጉት፣ ለማግስቱ ቦታ አስይዙ። ይህ ምግብ የደከመ ሰው በጥድፊያ የሚጎርሰው ምግብ አይደለም።

ክሪኦል በመጀመሪያ የሰው መጠሪያ ነው። ፈረንሳዮች ከተማዋን በ1718 ቆረቆሯት። በ1760ዎቹ ለስፔን ተላለፈች፣ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች፣ በ1803 ደግሞ አሜሪካ ሉዊዚያና ይባል የነበረውን ሰፊ አገር በሙሉ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛች። እዚያው ቅኝ ግዛቱ ውስጥ የተወለደ ሰው፣ ነጭም ይሁን ጥቁር ወይም ክልስ፣ ክሪኦል ይባል ነበር። ምግቡም እንደ ሰዎቹ ነው፤ ዘሩ ከየትም ይምጣ፣ የተወለደው ግን እዚያው ነው። ዱቄትን በቅባት አብስሎ ወጡን ማወፈር ከፈረንሳይ መጣ፣ ስሙም «ሩ» ነው። ባሚያውና የሩዙ ሙያ በባርነት ተግዘው ከመጡ ምዕራብ አፍሪካውያን ነው። የሳሳፍራስ ዛፍ ቅጠል ደርቆና ተፈጭቶ «ፊሌ» የሚባለው ማወፈሪያ ደግሞ የቾክቶ ተወላጆች ነው። በ1809 በሄይቲ አብዮት ተሰደው ኩባ ላይ ቆይተው የነበሩ ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገቡ፤ ያኔ የከተማዋ ሕዝብ እጥፍ ሆነ ማለት ይቻላል። ኋላ ላይ ሲሲሊያውያን መጡ፣ ቲማቲሙና ነጭ ሽንኩርቱ በረከተ።

ኬጀን ሌላ ነው። እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ከዛሬዋ ካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያባረሯቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከከተማው በስተምዕራብ ባለው ረግረጋማ አገር ሰፈሩ። የእነሱ ምግብ የገጠር ነው፣ ባንድ ድስት የሚሠራ። የክሪኦሉ የከተማ ነው፤ ቅቤው፣ ሶሱ፣ የገበያው ዓሣ ይበዛበታል። ልዩነቱ በደንብ የሚታያችሁ ጃምባላያ ላይ ነው። ጃምባላያ ከሥጋና ከቋሊማ ጋር አብሮ የሚበስል ሩዝ ነው፤ የክሪኦሉ ቲማቲም ስላለው ቀይ ነው፣ የኬጀኑ ግን ቡናማ።

አሁን ወደ ማዘዙ እንምጣ። ሁለታችሁም ጋምቦ እዘዙ፣ በትንሹ ሳህን። ጋምቦ ከሩ፣ ከሽንኩርት፣ ከሴለሪና ከፈረንጅ ቃሪያ ተነስቶ ለረጅም ሰዓት የሚበስል መረቅ ነው። ሸርጣንና ሽሪምፕ ወይም ዶሮና ቋሊማ ይገባበታል፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ሩዝ ይደረግበታል። ሦስቱን አትክልቶች «ሥላሴ» ይሏቸዋል፤ የእነሱ ቁሌት በሉት። ጋምቦ የሚለው ቃል ራሱ አፍሪካዊ ነው፣ በባንቱ ቋንቋዎች ባሚያን «ኪንጎምቦ» ከሚለው የመጣ።

ከዚያ ዓሣ። «ሙኒየር» የሚል ካያችሁ ዱቄት ነክቶት የተጠበሰ ዓሣ፣ ቡናማ ቅቤና ሎሚ የፈሰሰበት ማለት ነው። «አማንዲን» ከሆነ አልሞንድ የሚባለው ለውዝ አለው። «ባርቤኪው ሽሪምፕ» የሚለው ስም እንዳያሳስታችሁ፤ ፍም የሚባል አያውቀውም። ከነቅርፊቱ በቅቤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በብዙ ቁንዶ በርበሬ የሚሠራ ነው። በእጅ ነው የሚበላው፣ ሶሱም በዳቦ ይጠረጋል። ለአንድ የጋብቻ በዓል ከዚህ የተሻለ ሳህን አላውቅም፣ ሁለት ሰው ካንድ ሳህን ሲበላ ደስ ይላል።

ዲዘርት ላይ ባናናስ ፎስተር ካለ እዘዙት። ሙዙን በቅቤና በቡናማ ስኳር አብስለው፣ ሩም አፍስሰው እሳት ይለኩሱበታል፣ ብዙ ቦታ እዚያው ጠረጴዛችሁ አጠገብ። በ1951 ብሬናንስ የሚባለው ምግብ ቤት ነው የፈጠረው።

«ጓደኞቼን ልጋብዝ ነው፣ የሆቴሉ ባር ውስጥ ልንቀመጥ። መጠጥ እጠጣለሁ፣ ኮክቴል ግን ብዙም አላውቅም። ምን ልዘዝ? ደግሞ ኮክቴል የተፈለሰፈው ኒው ኦርሊንስ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» (ከአትላንታ)

ከሁለተኛው ልጀምር፣ እውነት አይደለም ወንድሜ። ታሪኩን ብዙ ቦታ ትሰማዋለህ። ፔይሾ የሚባል ፋርማሲስት መራራ መድኃኒቱን ከኮኛክ ጋር በእንቁላል ማስቀመጫ ጽዋ እያደረገ ሲሸጥ፣ የጽዋው የፈረንሳይኛ ስም ተጣሞ «ኮክቴል» ሆነ ይላሉ። ታሪኩ ያምራል። ነገር ግን በ1806 ሃድሰን፣ ኒው ዮርክ የሚታተም ጋዜጣ ኮክቴል ማለት አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃና ቢተርስ (በጠብታ የሚጨመር መራራ ቅመም) ነው ብሎ ጽፏል። ፔይሾ ሱቁን የከፈተው በ1830ዎቹ ነው። እንዲያም ሆኖ ቀዩ የፔይሾ ቢተርስ እስከ ዛሬ ይሸጣል፤ ያለ እሱ ደግሞ ሳዜራክ የለም።

መጀመሪያ የምታዘው ሳዜራክ ይሁን። ራይ ውስኪ፣ ስኳር፣ የፔይሾ ቢተርስ። ብርጭቆው ቀዝቅዞ ውስጡን በአብሲንት ወይም «ኸርብሴንት» በሚባለው የአኒስ መጠጥ ይለቀለቃል፣ ትርፉ ይደፋል። መጠጡ በበረዶ ተማስሎ ይጠለላል፣ ብርጭቆው ውስጥ ግን በረዶ አይኖርም። በላዩ የሎሚ ልጣጭ ይጨመቅበታል። ጥንት በኮኛክ ነበር የሚሠራው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማለቂያ ላይ ተባይ የፈረንሳይን ወይን ሲያወድመው ኮኛክ ጠፋና ራይ ተተካ። አብሲንቱም አሜሪካ ውስጥ ከ1912 እስከ 2007 ተከልክሎ ነበር። በ2008 የሉዊዚያና ምክር ቤት ሳዜራክን የኒው ኦርሊንስ ይፋዊ ኮክቴል ብሎ ሰይሞታል።

እሱን የት? ሩዝቬልት ሆቴል ውስጥ «ሳዜራክ ባር» የሚባል አለ፣ ረጅም የዋልነት እንጨት ባንኮኒና የፖል ኒናስ የግድግዳ ሥዕሎች ያሉት። በ1949 እዚያ ሲከፈት ነው ሴቶች ከወንዶች እኩል እንዲገቡ የተፈቀደው። ጓደኞችህ መሐል ሴቶች ካሉ ይህን ንገራቸው።

ሁለተኛው ቪዩ ካሬ ነው። ሆቴል ሞንቴሊዮን ውስጥ በ1930ዎቹ ዋልተር በርዠሮን የሚባል ባርማን ፈጠረው። ራይ፣ ኮኛክና ጣፋጭ ቬርሙት (ቅመም የገባበት ወይን) እኩል እኩል፣ ከዚያ ቤኔዲክቲን ከሚባለው የቅጠላ ቅጠል ሊኬር ጥቂት፣ ሁለት ዓይነት ቢተርስ። ስሙ «አሮጌው ሰፈር» ማለት ነው፣ ሆቴሉ ያለበት የፈረንሳዮች ሰፈር። እዚያው ሆቴል የሚዞረው ባር አለ፣ ካሩሰል። ይህም ከ1949 ጀምሮ ነው። 25 ወንበር አለው፣ በሩብ ሰዓት አንዴ ይዞራል፣ ቀስ ብሎ። ወንበር ለማግኘት ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሳይበዛ ግቡ።

ቀን ላይ ከሆነ ራሞስ ጂን ፊዝ። ሄንሪ ራሞስ በ1888 የሠራው ነው። ጂን፣ ሎሚና ላይም፣ ስኳር፣ የእንቁላል ነጩ፣ ክሬም፣ የብርቱካን አበባ ውሃና ሶዳ። አረፋው እንዲቆም ለረጅም ጊዜ ይናጣል፣ ጥንት 12 ደቂቃ ነበር። ለ1915ቱ የማርዲ ግራ በዓል 35 ልጆች በመናጥ ብቻ ተቀጥረው እንደነበር ይነገራል። ሴናተር ሂዊ ሎንግ በጣም ይወደው ስለነበር በ1935 የሩዝቬልቱን ባርማን ኒው ዮርክ ድረስ አስመጥቶ የሆቴል ሠራተኞችን አሠራሩን እንዲያስተምር አድርጓል። ባሩ ሞልቶ ባርማኑ ብቻውን ሲሯሯጥ ካየህ ግን ይህን መጠጥ አትዘዝ። ትዕግሥት የሌለው ራሞስ ቀጭን የሎሚ ወተት ነው።

አንድ ነገር አደራ። ሳዜራክ ከምግብ በፊት ነው። አኒሱና ውስኪው አፍ ይይዛሉ፣ ከጋምቦ ጋር ከጠጣኸው የጋምቦውን ጣዕም ይሸፍኑታል። ጋምቦው ሲመጣ ቀዝቃዛ ቢራ ወይም ደረቅ ነጭ ወይን ያዝ። ቪዩ ካሬውን ለመጨረሻ አስቀር። ሁለቱም ውሃ የማይገባባቸው ጠንካራ መጠጦች ናቸው፣ ለአንድ ምሽት አንድ አንድ ይበቃል። ስትመለሱ ታክሲ። መጠጥ ይዞ መንገድ ላይ መሄድ እዚያ ይፈቀዳል፣ በፕላስቲክ ኩባያ ከሆነ ብቻ፤ ብርጭቆና ጠርሙስ ክልክል ነው። ባርማኑን «ጎ ካፕ» ብትለው ይገባዋል።

«እኔ እጾማለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ ሙስሊም ነው፣ አሳማ አይበላም። የምንሄደው የፈረንጅ ሁዳዴ ላይ ነው። የምንበላው እናገኛለን ወይስ ይቅርብን?» (ሁለት ጾም ያለበት ቤት)

ታገኛላችሁ፣ ግን አፍ አውጥታችሁ መጠየቅ አለባችሁ። የክሪኦል ወጥ ቤት አሳማን ሥጋ ብቻ አድርጎ አያየውም፣ እንደ ቅመም ይጠቀምበታል። ቀይ ቦሎቄው ውስጥ አለ። ጎመኑ ውስጥ አለ። አንዱይ የሚባለው ቋሊማና ታሶ የሚባለው ቅመም የበዛበት ሥጋ ሁለቱም አሳማ ናቸው፣ ስማቸው ግን ይህን አይናገርም። የባሕር ጋምቦ ያለው እንኳ መረቁ ላይ ቋሊማ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ባለቤትሽ «አሳማ አለበት ወይ» ብሎ ሳይሆን «መረቁ ውስጥስ፣ ቅባቱስ» ብሎ ይጠይቅ። ለእሱ የሚመቸው በቅቤ የተጠበሰ ዓሣና ሽሪምፕ ነው። ሶሱ ላይ ወይን እንዳይኖር አብሮ ይጠይቅ፤ የኤሊ ሾርባ ላይ ደግሞ ሼሪ ይጨመራል።

ለአንቺ ከበድ ይላል። «ጾመኛ ነኝ» ብትያቸው ዓሣና አይብ ያመጡልሻል፣ የእነሱ የካቶሊክ ጾም ሥጋን እንጂ ዓሣንና ወተትን አይከለክልምና። «ቪጋን» በያቸው። ቃሉ ይገባቸዋል፣ ቅቤና እንቁላልም ይቀራል። ቦታ ስታስይዢ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ጥሩ የሆቴል ወጥ ቤት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ካወቀ ቀይ ቦሎቄ ያለ ሥጋ በሩዝ፣ ባሚያ በቲማቲም ሊሠራልሽ ይችላል። ባሚያ በቲማቲም እዚያ የታወቀ ምግብ ነው፣ ጎን ምግብ ተብሎ እንዳትንቂው።

ደግሞ ስለ ጾም ካነሳን «ጋምቦ ዘርብ» የሚባለውን ልንገርሽ። ጎመን፣ ስፒናች፣ የቀይ ሥር ቅጠልና ሌሎች ቅጠሎች ተደባልቀው የሚሠሩት አረንጓዴ ጋምቦ ነው። በሁዳዴ ያለ ሥጋ ይሠራ የነበረ ነው። የቅጠሉ ዓይነት ጎዶሎ ቁጥር ይሁን የሚል ልማድ አለው፣ ባስገባሽው ቅጠል ቁጥር አዲስ ወዳጅ ታገኛለሽ ይላሉ። ዱኪ ቼስ የሚባለው ስመ ጥር ቤት በጸሎተ ሐሙስ ያቀርበዋል፣ ነገር ግን የእነሱ ብዙ ዓይነት ሥጋ ስላለበት ለሁለታችሁም አይሆንም። ያለ ሥጋ የሚሠራ ቤት ካገኛችሁ ግን እንዳያመልጥሽ።

«አልኮል አልጠጣም። እንደዚህ ባለ ባር ውስጥ ኮካ ኮላ ይዤ መቀመጥ ያሳፍረኛል።» (ስም አይጻፍ)

አያሳፍርም እህቴ። ባርማኑን «ያለ አልኮል አንድ ነገር ሥራልኝ» በዪው። የብርቱካን አበባ ውሃው፣ ሎሚው፣ ሽሮፑ፣ ሶዳው ሁሉ እጁ ላይ ነው። ቢተርስ እንዳይጨምር ንገሪው፣ ቢተርስ አልኮል አለው። ዲዘርት ላይም ተጠንቀቂ፤ ባናናስ ፎስተር ሩም ነው፣ የዳቦ ፑዲንግ ሶሱ ብዙ ጊዜ ውስኪ ነው፣ «ካፌ ብሩሎ» የሚባለው ቡና በብራንዲ የሚቃጠል ነው። ቡና ከፈለግሽ በቺኮሪ ሥር የተሠራውን በወተት እዘዢ። ወፈር ያለ፣ መረር ያለ ነው።

«ምን ለብሰን እንሂድ? ጉርሻስ ስንት ነው? ባለፈው ሂሳቡ ሜኑ ላይ ካየነው በላይ መጥቶ ከሚስቴ ጋር ተጨቃጨቅን።» (ከዳላስ)

ሆቴል ውስጥ ያለ ምግብ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ሱሪና ሸሚዝ ይበቃዋል። የድሮዎቹ ቤቶች ግን ይጠብቃሉ። ከ1905 ጀምሮ ያለው ጋላቷርስ ከቀኑ 11 ሰዓት (በፈረንጆቹ 5 PM) በኋላ፣ እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ ወንድ ያለ ኮት አያስገባም። ቁምጣ የሚባል ነገር ሻንጣ ውስጥ ይቅር።

ሂሳቡን በተመለከተ፣ ሜኑ ላይ የምታየው ዋጋ ግብር የለበትም። ግብሩ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ጉርሻው ከ18 እስከ 20 በመቶ ነው። ስለዚህ 100 ዶላር ያነበብከው 130 ይሆናል ብለህ ተቀመጥ። ብዙ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ጉርሻውን ራሳቸው ሊጨምሩት ይችላሉ፣ ወረቀቱን ሳታነብ ሁለተኛ እንዳትከፍል። ወጪ ለመቀነስ ለምሳ ሂዱ። ኮማንደርስ ፓላስ የሚባለው ምግብ ቤት በሥራ ቀን ምሳ ላይ በሚያቀርበው የ25 ሳንቲም ማርቲኒ የታወቀ ነው፤ ዋና ምግብ ላዘዘ ሰው፣ ከሦስት ሳይበልጥ። ነሐሴ አካባቢ ሙቀቱ ስለሚበረታ እንግዳ ይቀንሳል፣ ብዙ ቤቶችም በአንድ ዋጋ ሦስት ሳህን የሚያቀርቡት ያኔ ነው።

«በጣም ያማረ ሆቴል ውስጥ በላን። ወንበሩ ቬልቬት፣ መብራቱ ወርቅ፣ ፎቶው ልዩ። ጋምቦው ግን የዱቄት ውሃ ነበር። እነዚህ ቦታዎች ሁሉ ለፎቶ ብቻ ናቸው?» (የተከፋች)

እኔም ደርሶብኛል። አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ስሙን አልጠራም፣ በጣም ቆንጆ አዳራሽ ነበር። ጋምቦው መጣ፤ ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ላዩ ላይ ቅባት የተንሳፈፈ፣ ሽሪምፑ እንደ ጎማ። በጣም ነው ያዘንኩት። የተከፈለው ገንዘብ አይደለም ያሳዘነኝ፣ አጠገቤ የነበሩት እንግዶች ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሱት ጋምቦ ያ መሆኑ ነው።

ሁሉም እንደዚያ ግን አይደሉም። ኒና ኮምፕተንን ተመልከቺ። የሴይንት ሉሺያ ልጅ ናት። በ2015 «ኦልድ 77» ሆቴል ውስጥ ኮምፔር ላፒንን ከፈተች፣ የካሪቢያንን ቅመም ከኒው ኦርሊንስ ጋር አገናኘች፣ የፍየል ከሪዋን ከስኳር ድንች ኞኪ (ትንንሽ የሊጥ ድብልብል) ጋር አገር አወቀው። በ2018 በአሜሪካ የምግብ ሙያ ስመ ጥር የሆነውን የጄምስ ቢርድ ሽልማት በደቡብ ምርጥ ሼፍነት አገኘች። ሆቴል ውስጥ መሆኑ ምግቡን አላበላሸውም።

ቁም ነገሩ ጋምቦውን ማስቀደም ነው። ምክንያቱም ማጭበርበር አይቻልም። ስቴክ በጥሩ ሥጋ ይወጣል፣ ሰላጣ በጥሩ ቅጠል ይወጣል፣ ጋምቦ ግን አንድ ሰው ከድስት አጠገብ ሳይነቃነቅ ቆሞ ካላማሰለው አይወጣም። ቀለሙ ቢያንስ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሲጠቁር የቸኮሌት መምሰል አለበት። ማንኪያው ላይ ትንሽ ያዝ ማለት አለበት፣ እንደ ገንፎ ግን አይቆምም። ሽታው የተቆላ ነገር ይሸታል። ሩዙ ጥቂት ነው። ሸርጣኑ ከነቅርፊቱ ቢመጣ ደስ ይበልሽ፣ መረቁ የተሠራው ከእሱ ነው። ይህ ሁሉ ካለ እራቱን እዚያው ቀጥዪ፣ የፈለግሽውን እዘዢ። ከሌለ ሂሳብሽን ክፈዪ፣ ባሩ ላይ አንድ ሳዜራክ ጠጪና እራትሽን ሌላ ቦታ ብዪ። ምንም ነውር የለውም።

«ሩ የሚባለውን ቤት ውስጥ ሞክሬ ሁለቴ አረረብኝ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» (ወጥ ቤት የገባ ወንድ)

እሳቱ ላይ ነው። ዘይትና ዱቄት እኩል በእኩል በሚዛን። ወፍራም ድስት፣ መካከለኛ ወይም ዝቅ ያለ እሳት፣ ጠፍጣፋ የእንጨት ማማሰያ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ሳታቋርጥ አማስል። ስልክ አታንሳ። ሽንኩርቱ፣ ሴለሪውና ቃሪያው ቀድመው ተከትፈው አጠገብህ ይቀመጡ፣ ምክንያቱም ቀለሙ ሲደርስ እነሱን መጨመር ነው መጠቆሩን የሚያቆመው። ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ አርሯል። አታስተካክለውም፣ ድፋውና እንደገና ጀምር። ሲጠቁር ጣዕሙ ይጨምራል፣ የማወፈር ኃይሉ ግን ይቀንሳል፤ ባሚያ ወይም ፊሌ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው። ፊሌውን ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ጨምር፣ ከፈላ እንደ ክር ይሳባል። ሩው ሲፈናጠር ቆዳ ላይ ተጣብቆ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ልጆችን አርቅ።

«ልጄ ለልደቴ አንዱ ትልቅ ሆቴል ልትወስደኝ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ያን ምግብ የሠሩት ጥቁሮች ናቸው ይባላል፣ የሚመሰገኑት ግን የፈረንሳይ ስም ያላቸው ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ መብላት ተገቢ ነው ትያለሽ?» (የ70 ዓመት እናት)

እማማ፣ መልካም ልደት ይሁንልዎ። ጥያቄዎ የልቤን ነው የነካው።

ልክ ነዎት። ከ1719 ጀምሮ በመርከብ የመጡት አፍሪካውያን ከሩዝ ዘር ጋር የሩዝ እርሻ ዕውቀትም ይዘው ነው የመጡት። በስፔን ዘመን በባርነት ያሉ ሴቶች «ካላ» የሚባለውን ትኩስ የሩዝ ብስኩት መንገድ ላይ እየሸጡ ገንዘብ ያጠራቅሙ ነበር። ሕጉ ራስን ከባርነት መግዛትን ይፈቅድ ስለነበር በዚያ ገንዘብ ነፃነታቸውን የገዙ አሉ። በኋላም ትልልቆቹ ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች ወጥ ቤት ውስጥ ድስቱን የያዘው ብዙ ጊዜ ጥቁር ሰው ነበር። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ እስኪወጣ ድረስ ግን ያ ሰው ራሱ አዳራሹ ውስጥ እንግዳ ሆኖ መቀመጥ አይችልም ነበር። የራሱን ጋምቦ ተቀምጦ መብላት አይችልም ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ይሂዱ እማማ። ይቀመጡ፣ በጥሩ ልብስ፣ በጥሩ ወንበር። ከጋምቦው በኋላም አስተናጋጁን «ይህን ማን ሠራው?» ብለው ይጠይቁልኝ። ሥራ ካልበዛበት ሰውየው ወይም ሴትየዋ ራሳቸው ወጥተው ሰላም ሊሉዎት ይችላሉ።

በማግስቱ ደግሞ ልጅዎ ዱኪ ቼስ ትውሰድዎት፣ ትሬሜ የሚባለው ሰፈር ነው። ቤቱ ከ1941 ጀምሮ አለ። ሊያ ቼስ በ2019 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሠርተዋል። ጥቁርና ነጭ አብሮ መብላት ሕግ በሚከለክልበት ዘመን ፎቁ ላይ አብረው አስቀምጠዋቸዋል፤ የመብት ታጋዮቹ ጋምቦ እየበሉ እዚያ ነበር የሚመክሩት። ግድግዳው ሁሉ በጥቁር አሜሪካውያን ሠዓሊያን ሥራ የተሞላ ነው። ቀስ ብለው እየዞሩ ይዩት።

«ልንወጣ ስንል አስተናጋጁ ያላዘዝነውን ትንሽ ጣፋጭ አምጥቶ ‹ላንያፕ› አለን። ያስከፍላል ብለን ፈርተን መለስነው። ምን ማለት ነው?» (ሁለት እህትማማቾች)

ምርቃት ማለት ነው። ባለ ሱቁ ከመዘነላችሁ ላይ እፍኝ እንደሚጨምረው። ቃሉ ከደቡብ አሜሪካ የኬቹዋ ቋንቋ ተነስቶ፣ በስፔኖች አልፎ ነው ኒው ኦርሊንስ የደረሰው። ሂሳብ ላይ አይገባም። በሚቀጥለው ጊዜ አመስግናችሁ ብሉት።